ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ወደ እንጦጦ መመለስ

በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ምክንያት ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች ወደ ወልድያ፥ ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ አገር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። የሚመጡትም የተወለዱበትን አገር በእንግድነት ያዩታል። እንዲሁም ከዚህ ተነሥተው በትልቁ ከተማ ብዙ ዘመን ኖረው፥ ትዳር ይዘው፥ ልጅ አሳድገው፥ በኋላ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሽማግሌዎች አሉ። እነርሱም ለሕክምና ወይም ለልጅ ሠርግ ወደዚያው ከተማ በሄዱ ጊዜ የሚያድሩት በሰው ቤት ነው። የኖሩበት ሰፈር ፈርሶ፥ ጎረቤቱ ተበትኖ፥ መንገዱም ተለውጦ ሲያገኙት፥ "ቤቴ እዚህ ላይ ነበረ" ብለው ለልጅ ልጃቸው ቢያሳዩት ልጁ የሚያየው ነገር የለም። እንግዳ የሚለው ቃል በግዕዝ ነገደ ከሚለው ግሥ ጋራ ዘሩ አንድ ነው፤ ነገደ ማለትም ከአገር ወደ አገር ሄደ፥ ተጓዘ ማለት ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ነው እንጂ በገዛ ከተማው እንግዳ የሚሆን ሰው አይደለም። ይሁን እንጂ በታሪክ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ተገኝቷል፤ የየጁም ወገን በዚህ ነገር አድራጊም ተደራጊም ሆኖ ኖሯል።

የየጁ ራሶች ከትልቁ ራስ አሊ ጀምሮ እስከ ትንሹ ራስ አሊ ድረስ 70 ዓመት ያህል የመንግሥቱን ሥልጣን ይዘው ነበረ። በዚያ ዘመን ንጉሥ ተብሎ በጎንደር የሚቀመጠው ሌላ፥ የሚያዝዘውም ሌላ ነበረ። ከነዚያ ነገሥታት ሁሉ የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነገር የተለየ ነው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የዐፄ ዮሐንስ ካልእ ልጅ ናቸው። በ1771 ዓ. ም. በጎንደር ነገሡ፤ በ1776 ዓ. ም. ትልቁ ራስ አሊ ከመንበራቸው አወረዷቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ 1792 ዓ. ም. ድረስ እየወጡና እየወረዱ ስድስት ጊዜ ነገሡ። አንድ ሰው በ21 ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ወደ አባቶቹ ግቢ ገባ፥ ስድስት ጊዜም ወጣ ማለት ነው። ፋሲለደስ የሠሩት ግንብ የተወለዱበት የነገሥታት ቤት ሆኖ ሳለ፥ ገብተው የሚቀመጡበት ግን ኃይለኛው መስፍን እስከ ፈቀደላቸው ቀን ድረስ ብቻ ነበረ። ሕዝቡ "ፍጻሜ መንግሥት" ብሎ ጠራቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ በጎንደር የነገሡት ስም ብቻ ስለ ነበሩ ነው። በ1810 ዓ. ም. አረፉ። ይህን ነገር የየጁ ሰው ሲያነብ የአባቶቹን ጀግንነት ብቻ አይቶ ማለፍ አይገባውም፤ ንጉሥን በራሱ ቤት እንግዳ ያደረጉት እነዚያው አባቶች ናቸውና።

ነገሩም ተገልብጦ በራሳቸው ላይ ደረሰ። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ቈርቍረው የወገናቸው መቀመጫ አደረጓት። የልጅ ልጃቸው ትንሹ ራስ አሊ ከዚያው ሆነው 22 ዓመት ገዙ። በሰኔ ወር 1845 ዓ. ም. በአይሻል ላይ ካሣ ኃይሉ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፥ ድል አደረጓቸው። ራስ አሊም ደብረ ታቦርን ትተው ወደ የጁ መጡ፤ ወደ ሥልጣናቸውም ተመልሰው አልገቡም። ዕድሜ ልካቸውን ባለቤት ሆነው የኖሩበት ከተማ ደብረ ታቦር ነበረና፥ ወደ የጁ መምጣታቸው ወደ አገር መግባት ነው ወይስ ከአገር መውጣት ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ወገን የሚወለዱ ናቸው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን ባላባቶችና ከየጁ ራሶች የሚወለዱ ነበሩ። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የጁን የገዙ፥ በዓድዋም የዘመቱ ናቸው፤ የዚህም አገር ሽማግሌ ሁሉ ስማቸውን ያውቃል። እቴጌ ጣይቱ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ፥ በገና የሚደረድሩ፥ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብዙ ያልተለመደ ትምህርት ያላቸው ሴት ነበሩ። በ1875 ዓ. ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቍርባን ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ ተጋቡ። የሸዋ መኳንንት በዚህ ጋብቻ ብዙ ደስ አልተሰኙም፤ ከሰሜን የመጣች ሴት ዘመዶቿን ይዛ ትመጣለች ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ፈጽሞ ሐሰት ሆነ ለማለት አይቻልም።

በዚያ ጊዜ ከተማው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበረ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር የሚያልፍ ከፍታ ነው። ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ለኑሮ ግን አይመችም። ነፋሱ ብርቱ ነው፥ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፥ ውኃ የሚቀዳው ከቍልቍለት ነው፤ በዙሪያው የነበረውም የጽድ ደን ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። እቴጌም ከመኳንንቱ ሚስቶች ጋራ ወደ ፍል ውኃ ወርደው እየታጠቡ የሜዳውን ልምላሜ ወደዱት። ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወራት፥ በ1879 ዓ. ም.፥ በዚያ ሰፍረው ሳሉ በመስኩ ላይ የፈነዳውን አበባ አይተው ስሙን አዲስ አበባ አሉት። ቤትም በዚያ እንዲሠራላቸው ለመኑ፤ ንጉሡም ፈቀዱ። መኳንንቱም እቴጌን ተከትለው እየወረዱ ሰፈር ሰፈራቸውን ያዙ። እንግዲህ ሌላው ንጉሥ ከተማ የሚቈረቍረው በምሽግና በጦር ሐሳብ ሲሆን ይህች ከተማ የተቈረቈረችው አንዲት ሴት ሙቅ ውኃና ሙቅ አየር ስለ ወደደች ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ነገር ግን ከተማው ቢወርድም ታቦቱ አልወረደም። በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ አቡነ ማቴዎስ ቀቧቸው። ከሁለት ቀን በኋላ በጥቅምት 27 በመድኃኔ ዓለም በዓል እቴጌ ጣይቱ ዘውድ ጫኑ፤ "ብርሃን ዘኢትዮጵያ" ተባሉ። አዲስ አበባ ስም ካገኘች ሦስት ዓመት ሆኗት ሳለ በዓለ ንግሡ በተተወው ተራራ ላይ ሆነ። እቴጌም ለዚህች ደብር ያላቸው ፍቅር ከዚያ ወዲያ አልጐደለም። በኢየሩሳሌምም ለኢትዮጵያውያን ገዳም ቤት አሠርተዋል።

ያች ሴት በመንግሥት ነገር ምን ያህል ብርቱ እንደ ነበሩ ለዚህ አገር ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ውጫሌ ከመርሳ በስተደቡብ ቅርብ ነውና። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በዚያ ቦታ የተጻፈው ውል 17ኛው ክፍል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ቃሉ ተለያይቶ መገኘቱ ይታወቃል። ውሉን ለማጽናት አንቶኔሊ በ1883 ዓ. ም. ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አጥብቀው የተቃወሙት እቴጌ ነበሩ። በ1888 ዓ. ም. ዘመቻ በሆነ ጊዜ የራሳቸውን ጦር ይዘው ሄዱ። በጥር ወር በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የገባውን የኢጣልያ ጦር ውኃውን ይዞ ማስጨነቅ ይሻላል ብለው የመከሩት እርሳቸው ናቸው፤ ምሽጉም ያለ ብዙ ደም ተለቀቀ። በየካቲት 23 ቀን የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

ከዓድዋ በኋላ አዲስ አበባ አደገች። ይሁን እንጂ በማገዶ እጥረት ምክንያት ልትቀር ምንም ያህል አልቀራትም ነበረ። ጽዱ ስላለቀ እንጨት ከሩቅ ይመጣ ጀመር፤ ዐፄ ምኒልክም ከተማውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበረ። ከተማዋን ያዳናት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ተተክሎ ቶሎ ቶሎ አደገ፤ በጥቂት ዓመታትም የእንጦጦን ገደልና የከተማውን ጓሮ ሁሉ ሸፈነ። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ከተማዋ ረጋች፤ ባንክ፥ ስልክ፥ ትምህርት ቤት ገባላት። እቴጌም ለውጭ አገር እንግዶች ማረፊያ የሚሆን ሆቴል አቋቋሙ፤ እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። የቀድሞ ሰው እንግዳን በቤቱ ተቀብሎ እግሩን አጥቦ ያሳድራል እንጂ ዋጋ አይቀበልም ነበረና፥ በገንዘብ የሚታደርበት ቤት መሠራቱ በጊዜው ብዙ ሰው አስደንቋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ያሳዝናል። ዐፄ ምኒልክ በብርቱ ሕመም ተያዙ፤ በ1902 ዓ. ም. መጀመሪያ አንደበታቸውና ሰውነታቸው ደከመ። እቴጌ ባላቸውን ያስታምሙ ነበረ፤ መንግሥቱንም ያዙ። ሹመት ሲሰጡና ሲሽሩ ለዘመዶቻቸው ያደሉ ነበረ። ይህን የየጁ ሰው ሊክደው አይገባም፤ የተቈጡት የሸዋ መኳንንት ያለ ምክንያት አልተቈጡም። በመጋቢት ወር 1902 ዓ. ም. መኳንንቱ ተማክረው፥ እቴጌ ከእንግዲህ ወዲህ ንጉሡን ከማስታመም በቀር በመንግሥት ሥራ እንዳይገቡ አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እቴጌ ራሳቸው ባሠሩት ግቢ ውስጥ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ በቀር ሥልጣን አልነበራቸውም። ይህ ነገር ወደ አራት ዓመት ያህል ቈየ። አልጋ ላይ የተኛን ሰው አራት ዓመት ያስታመመች ሴት የቱን ያህል እንደምትደክም፥ በቤቱ ሕመምተኛ የነበረበት ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ። ቀኑ በዓታ ለማርያም ነው። የመንግሥቱ ሰዎች ሞቱን ሸሸጉት፤ ልቅሶው በይፋ አልተደረገም፤ ሬሳው በግቢው ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን በስውር ተቀመጠ። እቴጌም ወዲያው ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ እንዲሄዱ ታዘዙ። የአንድ ድሀ ገበሬ ሚስት ባሏ ሲሞት ድንኳን ተጥሎ፥ አገር ተሰብስቦ፥ ሙሾ ተወርዶ ታለቅሳለች፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ግን ይህን አላገኙም። ከዚያ ዘመን ግፍ ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

እቴጌ ከ25 ዓመት በላይ ቀድሞ ትተውት ወደ ወረዱት ተራራ ተመለሱ። በሄዱበት ጊዜ እንጦጦ ከተማ ነበረ፤ ሲመለሱ ግን የቀሩት ቤተ ክርስቲያኑ፥ አሮጌው የእንጨትና የጭቃ ቤተ መንግሥትና ጥቂት የካህናት ቤቶች ናቸው። የገበያው ቦታ፥ የመኳንንቱ አጥር፥ የሠራዊቱ ሰፈር ሁሉ ሣር በቅሎበታል፤ ራቍቱን ትተውት የሄዱትንም ተራራ የማያውቁት ባሕር ዛፍ ለብሶታል። ከዚያ ቁልቁል ሲመለከቱ አዲስ አበባ ትታያለች። ስም ያወጡላት፥ ሰውን አስከትለው የወረዱባት፥ ግብር ያበሉባት ከተማ በበቅሎ ጥቂት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ናት፤ ነገር ግን በፈቃዳቸው ወርደው ባለቤት ሆነው የሚገቡባት አይደለችም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ከቍስጥንጥንያ ተሰዶ ሳለ የራሱን ከተማ ነገር በደብዳቤ ብቻ ይሰማ ነበረ፤ እርሱ ግን በሩቅ ነበረና ቢያንስ ዓይኑ አያይም። የእቴጌ ስደት የሚከብደው ቅርብ በመሆኑ ነው።

ያም ሆኖ ከሁሉ የተረፈችላቸው ደብሪቱ ናት። ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ከተማው ሲወርድ አልወረደችም፤ ካህናቱም ሌሊት ማኅሌታቸውን፥ ቀን ቅዳሴያቸውን አላቋረጡም። ስለዚህ እቴጌ በዚያ ተራራ ላይ ከሰው ዘንድ እንግዳ ቢሆኑ ከታቦቱ ዘንድ የቀድሞ ምእመን ነበሩ። የመንግሥት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አልፈውት ይሄዳሉ፤ ለካህን ግን ዋናው ነገር ይህ ነው።

በታች ያለውም ነገር ጸጥ አላለም። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. በመስቀል በዓል ልጅ ኢያሱ ተሻሩ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ነገር ሊበቀሉ ጦር ይዘው መጡ፤ በጥቅምት 17 በሰገሌ ድል ሆኑ። ንጉሥ ሚካኤል የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ወደ አዲስ አበባ በአማችነት ሲገቡ ሲወጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። አሁን ግን በዚያችው ከተማ በሕዝብ ፊት ታስረው ገቡ፤ በእስራት እንዳሉም አረፉ። የሰገሌ ሬሳ የወሎንም የሸዋንም እናት አስለቅሷል፤ በብዙ ቤትም እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ሲነገር ኖሯል።

ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት 4 ቀን 1909 ዓ. ም. ዘውድ ጫኑ። ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፥ በየጁ የተወለዱ ናቸው። መኳንንቱ የጣይቱ ወገን እንደገና በቤተ መንግሥት እንዳይገባ ፈርተው ባልና ሚስቱን አለያዩአቸው፤ ራስ ጉግሣም በበጌምድር ገዢነት ሄዱ። ሚስታቸው በነገሠችበት ከተማ ባል ሆነው አልተቀመጡም። በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ. ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። ይህ ሁሉ የሆነው እቴጌ ካለፉ በኋላ ነው፤ የመለያየቱን ነገር ግን በእንጦጦ ሆነው ሰምተዋል።

በ1909 ዓ. ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዘመን እቴጌ አንድ ልመና ለመኑ ይባላል፤ ይኸውም ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዕድሜያቸውን በዚያ እንዲፈጽሙ እንዲፈቀድላቸው ነበረ። አልተፈቀደላቸውም። የፈሩት ሰዎች በጎንደር ራስ ጉግሣ ስላሉ አክስትና የወንድም ልጅ እንዳይመክሩ ብለው ይሆናል። እቴጌ የተመኟት ጎንደር ግን በዚያ ጊዜ የቀድሞዋ ጎንደር አልነበረችም። በ1859 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በ1880 ዓ. ም. ደግሞ ደርቡሽ አቃጥለዋት ብዙዎቹ አድባራት ፈርሰው ነበረ። ቢፈቀድላቸው ኖሮ የሚያገኙት በወሬ የሰሟትን ከተማ ፍርስራሽ ነበረ። ይህን አያውቁም ነበረ ማለት አይቻልም፤ አውቀውም ለመኑ። ሸዋ 35 ዓመት ከኖሩ በኋላ ልባቸው የተመለሰው ወደ አባቶቻቸው አገር ሆነ።

በየካቲት 4 ቀን 1910 ዓ. ም. ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ፥ ቀን በቀን ገጥሞ፥ እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ዐረፉ፤ በዚያችው በማርያም ደብር ተቀበሩ። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው በታች በከተማው የታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳምን አሠርተው የዐፄ ምኒልክ ሬሳ በዚያ ሲያርፍ፥ የእቴጌም ዐፅም በኋላ ከእንጦጦ ወርዶ በባላቸው አጠገብ ተቀመጠ። በሕይወት ሳሉ የተከለከሉት ቍልቍለት በዚህ አኳኋን ተፈቀደላቸው። መካከለኛው መቃብር የዐፄ ምኒልክ ነው፤ በአንድ ወገን እቴጌ ጣይቱ፥ በሌላው ወገን ንግሥት ዘውዲቱ አሉ። የቀቧቸው አቡነ ማቴዎስም በዚያው አርፈዋል።

በእንጦጦ የቀረው አሮጌው ቤት ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ከ2013 ዓ. ም. ወዲህም በተራራው ላይ መናፈሻ ተከፍቶ የከተማው ሰው ለሽርሽር ይወጣበታል። ከወልድያና ከመርሳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ምእመን ግን በታኅሣሥ 3 ቢደርስ በበዓታ ታቦቱ ሲነግሥ ያገኛል፤ ወደ መቃብሩ ቤትም በደረጃ ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ካህን ሻማ ይዘው፥ "ይቺኛዋ የእቴጌ ናት" ብለው ያሳዩታል።